ከሰማይ የማይታይ ቤት

ቤታችሁ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ? «እዚያው ነዋ የማድረው» እንዳትሉኝ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ባልዲ ስደቅን ኖሬ፣ አንድ ቀን ቤቱ እንደሌለ ተነገረኝ። ተቃጠለ አልተባልኩም። ፈረሰም አልተባልኩም። የለም ነው የተባልኩት። ኖሮም አያውቅም።

የነገረኝ ደግሞ ሰው ሳይሆን ማተሚያ ማሽን ነው።

ሶዶ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እኔ ጨረስኩት፣ ፈተናው ደግሞ እኔን ጨረሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ወረቀት አባዛለሁ። የሰው ዲግሪ፣ የሰው መታወቂያ፣ የሰው ጋብቻ። አንድ ሰኞ ጠዋት አንገቱ ላይ የማዘጋጃ ቤት ባጅ ያንጠለጠለ ቀጭን ወጣት ፍላሽ ይዞ ገባ። ስሙን አላውቀውም፤ ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ስለሚለው እኔም ኢንጂነር እለዋለሁ።

«የቢሮው ማተሚያ ተበላሽቷል። ይቺን በትልቁ አውጪልኝ፤ ዛሬውኑ ሕዝብ እንዲያያት ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለባት» አለኝ።

የከተማው አዲስ ፕላን ረቂቅ ነበር። የእኛ ሰፈር ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከተማው አልቆ ገጠሩ ሊጀምር ሲል ነው። እኛ ወደ ከተማ አልመጣንም፤ ከተማው ነው እኛ ዘንድ የመጣው። መጥቶም አልተቀመጠም፤ መብራቱን ሰጥቶን፣ ስለ ውሃው «እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። የይዞታ ማረጋገጫም «ፕላኑ ሲጸድቅ» ተብለን እየጠበቅን ነው። እንግዲህ ያ ፕላን እጄ ላይ፣ ከማሽኑ ሆድ ትኩስ ትኩሱን እየወጣ ነበር።

ሰው ካርታ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ቤት ነው። ዓለምን ዘርግታችሁ ብታሳዩት ዓለምን አያይም። እኔም ፈለግኩ። ኮረኮንቹ መንገድ አለ። ወፍጮ ቤቱ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን አለ። የጎረቤታችን የጋሽ አልታዬ ቤት አራት ማዕዘን ሆኖ ቁጭ ብሏል። ከእሱ አጥር ቀጥሎ አረንጓዴ። ወረቀቱን ዘቀዘቅኩት። ያው አረንጓዴ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ አረንጓዴ ምንድነው?»

«አረንጓዴ ቦታ። መናፈሻ ይሆናል። ሕዝብ ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል።»

«እዚህ ላይ እኮ ቤት አለ።»

«የለም።»

«አለ!»

«እህቴ፣ የተሠራው ከሳተላይት ምስል ነው። ሳተላይት አይዋሽም።»

«አይዋሽም ይሆናል፤ ግን ቤታችን ገብቶ አያውቅም!»

ላፕቶፑን ከፍቶ ምስሉን አቀረበልኝ። አየሁት። እንሰት ነው። እናቴ ቤቱን ዙሪያውን በእንሰት አጥራዋለች፤ ያውም እንደ ልጅ አሳድጋ፣ ፋንድያ አጉርሳ። የእንሰቱ ቅጠል ከጣሪያው በላይ ሄዶ ተቃቅፏል። ከኋላ ያለው አቮካዶ በላዩ ላይ ጥላውን ጥሏል። በቅጠሉ መሐል ጣሪያችን ብቅ ያለበት አንድ ቁራጭ አለ፤ ቆርቆሮው ከመዛጉ የተነሳ ቀይ አፈር መስሏል። ያቺ ቁራጭ አፈር እኛ ነን።

«አድራሻችሁ እንዴት ነው?» አለኝ፣ ትንሽ እንደ ማዘን ብሎ።

«ከወፍጮ ቤቱ ወደ ላይ፣ ውሻዋ የምታስቸግርበት ጋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ የባሳን ቤት መጠየቅ ነው።» ባሳ አባቴ ነው፤ ከሞተ ቆየ። ውሻዋም ከሞተች ቆየች፤ ግን አሁንም በእሷ ነው የምንታጠፈው።

ኢንጂነሩ ይሄን አልጻፈውም። «ሐሙስ ጠዋት ድሮን እናበርራለን። የሚታይ ነገር ካለ ይስተካከላል። ዓርብ ረቂቁ ይዘጋል» አለ።

«ካልታየስ?»

«ካልታየ የለም።»

ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። ወንበሬ ላይ ለመቀመጥ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ቤት የሌለው ሰው እንዴት ይቀመጣል?

ማስረጃ ፍለጋ ጀመርኩ። ስልኬ ላይ ያለውን ካርታ ከፈትኩ። ሰማያዊዋ ነጥብ እኔ ነኝ፤ ባዶ ግራጫ ላይ ቆሜያለሁ። በአካባቢዬ የተጻፈ ስም ቢኖር ድሮ የተዘጋ ፀጉር ቤት ነው። እሱ ከስሮ ስሙ አለ፤ እኛ አለን፣ ስማችን የለም። ቀጥዬ ቲክቶክ ገባሁ። አንዱ ከዳሞታ ወገብ ላይ ቆሞ ሰፈራችንን ቀርጾ፣ ከሥሩ ዋሽንት አስገብቶ፣ «ያልተነካው የወላይታ ተፈጥሮ» ብሎ ለጥፏል። የሰው ልብ መዓት ነው የተደረደረለት። ያልተነካ! እናቴ በየማለዳው ጎንበስ ብላ የምትነካውን! ቪዲዮውን አቁሜ ባጎላው ተፈጥሮው መሐል አንድ ነጭ ነጥብ አለ። የእማዬ ሻሽ ነው።

በመጨረሻ በራችንን ፎቶ አነሳሁት። የእኛ በር የመንግሥት መዝገብ ነው። የክትባት ዘማቾች በቾክ ጽፈውበታል፣ የወባ ረጪዎች በከሰል፣ የቆጠራ ሰዎች በቀለም። ለመርፌ ሲሆን ያገኙናል! በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ስልኬን ኢንጂነሩ አፍንጫ ሥር ደቀንኩ።

አይቶ አይቶ፣ «በሩ ከሰማይ አይታይም» አለኝ።

«እንግዲያው በእግርህ ና!»

«ቡድን በእግር የሚወጣው ምስሉ ላይ አጠራጣሪ ነገር ሲኖር ነው። የእናንተ ቦታ ላይ የሚያጠራጥር ነገር የለም። ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው።»

አያችሁ? ጥፋታችን ጥርት ማለታችን ነው።

ያን ዕለት ማታ ለእማዬ ነገርኳት። እናቴ ከእኔ ጋር የምታወራው በወላይትኛ ነው። ስትናደድ ብቻ ወደ አማርኛ ትዞራለች፤ አማርኛ ለእሷ የቢሮ ቋንቋ ስለሆነ፣ ስትቆጣኝ ቢሮ ትሆንብኛለች። ፕላኑን፣ መናፈሻውን፣ ድሮኑን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ቀጥዬ፣ «እንሰቱን ከጣሪያው ዙሪያ ብንከረክመው...» ስል ቢሮው ተከፈተ።

«እንሰት የሌላት ሴት ልብስ የሌላት ሴት ናት። ቤቴን አራቁቼ ለሰማይ ላሳይ?»

«ለሰማይ አይደለም እማዬ፣ ለማዘጋጃ ቤት ነው።»

«የባሰ!»

«ቤቱ ከሄደ እንሰቱም ይሄዳል እኮ!»

«እንሰቱ ከሄደ ቤቱ ምን ይበላል? እስቲ መልሺልኝ፣ የተማርሽ!»

እናቴ አባቴ ሲሞት ያላለቀሰችውን ያህል ለአንድ በሽታ ለመታው እንሰት አልቅሳለች። ቆረጣ አላነሳም ብዬ ተውኩት። ግን ሐሙስ ከነገ ወዲያ ነው።

ጋሽ አልታዬ በአጥሩ በኩል ጩኸታችንን ሰምተው መጡ። እሳቸው እንሰታቸውን ነቅለው የሚከራይ ክፍል ሠርተዋል፤ አዲሱ ቆርቆሯቸው ፀሐይ ሲያርፍበት ድሮን ቀርቶ መልአክ ዓይኑን ይሸፍናል። እናቴ በዚህ ትንቃቸዋለች፣ እሳቸውም ያውቁታል።

«የማርታ አባት፣ ስማ እስቲ ይቺን ልጅ። ቤትሽ የለም ትለኛለች» አለቻቸው እማዬ፤ በልጃቸው ስም ነው የምትጠራቸው።

ጋሽ አልታዬ አገጫቸውን አሹ። «ቅጠሉን አትቁረጡ፤ እሰሩት። ጣሪያውን ደግሞ የሚታይ ነገር አልብሱት።»

«ምን አለን? አንድ ዱንጉዛ ነው ያለኝ» አለች እማዬ፤ ለበዓል የምትለብሳትን ባለ ቀይ፣ ባለ ቢጫ፣ ባለ ጥቁር መስመር የባህል ልብስ ማለቷ ነው።

«የዕድሩ ሸራ አለ» አሉ ጋሽ አልታዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የሰፈሩ ዕድር ንብረት ያዥ እሳቸው ናቸው። ሸራው፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሁሉም በእሳቸው ቁልፍ ሥር ነው። «ሰማያዊ ነው። ከዳሞታ አናት ላይ ሆነሽ ብታይ ይታያል።»

«ኮሚቴው ሳይፈቅድ?» አልኩ።

«ጠዋት አውጥቼ ጠዋት እመልሰዋለሁ። ማን ያያል?»

ማን ያያል! ከዳሞታ አናት ይታያል ያሉት ሰውዬ!

ሐሙስ ገና ሲነጋ ተነሳን። እማዬ የእንሰቱን ቅጠሎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየሰበሰበች፣ ከራሱ ከእንሰቱ በወጣ ቃጫ ታስራቸው ጀመር፤ የልጅ ፀጉር የምትሠራ ነው የምትመስለው። አንዱ ሲቀደድባት ይቅርታ ስትጠይቀው ሰምቻታለሁ። እኔ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ያ ቆርቆሮ እኔን የሚሸከመው በልምድ እንጂ በጉልበት አይደለም፤ አንድ እግር ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ይጮኻል። ወደ ላይ አየሁ። ዳሞታ ደመናውን እስከ አንገቱ ስቦ ተኝቷል። ደመናው ከወረደ ድሮኑ ጭጋግ ብቻ ያያል። ወደ መንገዱ አየሁ። ጋሽ አልታዬ የሉም።

ቆዩ። ደመናው እስከ ተራራው ወገብ ወረደ። ቆርቆሮው ጮኸ።

በመጨረሻ አንድ ባጃጅ እየተንደቀደቀ መጣ። ጋሽ አልታዬ ከኋላ ሸራውን አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ሸራው ከእሳቸው ስለሚበልጥ ግን ግማሹ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ ሰማያዊ ጫፉ እየተውለበለበ፣ በዋናው መንገድ፣ በወፍጮ ቤቱ ደጅ፣ በአትክልት ሻጮቹ ፊት አልፏል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሌላ አገር ለምትኖሩ። በእኛ ሰፈር ለሠርግ የሚተከለው ድንኳን በኪራይ የሚመጣ፣ መጋረጃ ያለው ነው። የዕድሩ ሰማያዊ ሸራ ከመጋዘን የሚወጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ሲወጣ ያየ ሰው «ለምን?» አይልም። «ማን?» ነው የሚለው። እኛ ሦስታችን ይሄን አጥተነው አይደለም፤ ቤት ሊወሰድበት ያለ ሰው አእምሮው ይቀድመዋል፣ ያውም ወደተሳሳተው በኩል።

ሸራውን ጣሪያው ላይ ጎተትነው። ጋሽ አልታዬ አንዱን ጫፍ አጥራቸው ላይ አሰሩ፣ እኔ ሌላውን አቮካዶው ላይ። ሦስተኛውን ልይዝ ስል ነፋስ ገባበትና እንደ ጀልባ ተነፋ። በሁለት እጄ ይዤ፣ እጆቼን ዘርግቼ፣ ጣሪያው መሐል ቀረሁ። ልክ ያኔ ከወፍጮ ቤቱ በኩል ጥሩምባ ተነፋ።

የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ሸራው ከእሱ ቀድሞ ሲሄድ አይቶ፣ ተቀደምኩ ብሎ ደንግጦ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ነው የነፋው። «የባሳ ቤት! የባሳ ቤት!»

እኔ ጣሪያው ላይ ሆኜ «ውይ፣ ማን ሞተ?» ብዬ አዘንኩ። እመኑኝ። ከዚያ ስሙን ሰማሁት። ቁልቁል ጋሽ አልታዬን አየኋቸው።

«ጋሼ፣ ማን ነው የሞተው?»

ሸራውን አዩ። መንገዱን አዩ። ፊታቸው አመድ ሆነ።

«እኔ» አሉ።

ሳተላይት ያላገኘውን ቤት ጥሩምባ በአንድ ትንፋሽ አገኘው። በየአቅጣጫው ሰው መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ በእንሰቱ መሐል ብቅ ብቅ አሉ። የዕድሩ ወጣቶች አግዳሚ ተሸክመው ከኋላ ይሮጣሉ። ከሁሉም ፊት የነበረችው ሴትዮ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ጣሪያ ላይ፣ እጆቼ ተዘርግተው፣ ፀጉሬ ተበትኖ።

«ጦሶ!» ብላ አምላኳን ጠራች። «ልጅቱ ልትዘል ነው! እናቷን ልትከተል ነው!»

«አትዝለይ ልጄ! ጌታ አለ!»

«መሰላል አምጡ!»

«ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ። ለቅሶ ላይ «አልሞተም» ብሎ የሚጮህ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ነው የሚባለው። ለቅሶው በረታ። አንዱ ሽማግሌ በጸሎት ይገሥጹኝ ጀመር።

ደመናው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደርሷል። ድሮኑ የለም።

ያኔ እማዬ እጇ ላይ ቃጫ እንደያዘች ከእንሰቱ ውስጥ ወጣች። ሕዝቡ መጀመሪያ በረገገ፣ ቀጥሎ ተንጋግቶ አቀፋት።

«አለሽ?»

«አለሁ እንጂ!»

«ታዲያ ማን ነው?»

ልትመልስ ስትል ስልኳ ጮኸ። ተበላ ከተማ የምትኖረው አክስቴ ናት። ጥሩምባው ተበላ ድረስ አይሰማም፤ ስልክ ግን ይሰማል። እናቴ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ስለማትችል ሁላችንም ሰማን።

«እህቴ ሞተች ብለውኝ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ!» ትላለች አክስቴ እያለቀሰች።

«አልሞትኩም!»

«የእህቴን ስልክ የያዝሽው አንቺ ማን ነሽ?»

«እኔ ነኝ! እህትሽ!»

«ሬሳ ላይ ትቀልጃለሽ?» ብላ ዘጋችባት።

በሌላ ቀን ቢሆን ከጣሪያው እስክወድቅ እስቅ ነበር። ግን የዕድሩ ሰብሳቢ ደረሱ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ አሁንም ሰውን በሰልፍ ያያሉ። ሸራውን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ጋሽ አልታዬን አዩ። ጋሽ አልታዬ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ።

«ሸራው በማን ሞት ወጣ?»

ጋሽ አልታዬ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ቁልፍ ነካኩ።

«ያለ ሟች ሸራ አይወጣም። ሕግ ነው። አውርዱት!»

ልክ በዚያች ቅጽበት ሰማሁት። ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣ የተቆጣ ንብ የመሰለ ድምፅ። ትንሽ ጥቁር ነገር ሰማይ ላይ ቆማ የጋሽ አልታዬን ቆርቆሮ ታያለች። ቀጥላ እኛ ነን። ደመናው የመጀመሪያ ጭጋጉን አቮካዶው ላይ አሳርፏል። ወጣቶቹ ደግሞ አጥሩ ላይ የታሰረውን ጫፍ መፍታት ጀምረዋል።

«ተዉት!» ብዬ ሸራው ላይ በደረቴ ተኛሁበት። ቆርቆሮው ከሥሬ ሰጠም፤ አንድ ጉልበቴ ገባ። «ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ! እሷ እስክታልፍ ብቻ!»

«ማን ሞተ ብዬ ልጻፍ? ንገሪኝ! ሕዝብ ሥራ ፈትቶ የመጣው ለምንድነው?»

እማዬ ገመዱን ከሚፈታው ልጅ እጅ ላይ እጇን ጫነች። በወላይትኛ ነበር የተናገረችው፤ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ።

«ቤትሽ የለም አሉኝ። መናፈሻ ነው አሉ። ይሄ ካልታየ ነገ ይዘጋል። እኔን ጻፉኝ፣ ጋሼ። እዚህ ካልሆነ የት ልሞት ነው?»

ለቅሶው ቆመ። ቆይቶ ከመሐል አንዲት ሴት፣ «ቤቱ የለም ማለት? ታዲያ እኛ የት ነው የቆምነው?» አለች። ሁሉም እግሩን አየ። ከዚያ አንዷ ተነፋረቀች፤ ይሄኛው የእውነት ነበር። ስንቱ በዚያ ሰፈር እንሰት ሥር የተደበቀ ቤት አለው!

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገመዱን አጥብቁት» አሉ። «አግዳሚውን ዘርጉት። ለቅሶ ከሆነ በወጉ ይሁን።»

ጥቁሯ ነገር በላያችን መጣች። ሕዝቡ በሙሉ ቀና አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ፈትተው አውለበለቡላት። ጥሩምባ ነፊው፣ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ወደ ሰማይ አዙሮ ነፋባት። እኔ አንድ እግሬ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ውጭ፣ በሆዴ ተዘርግቼ «እዚህ ነን!» እያልኩ እጮኻለሁ። ዝቅ አለች። አመነታች። ወደ ቀኝ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ ደመናው ወርዶ ሁላችንንም ዋጠን፤ ድምፁ ራቀ። አይታን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሸራው ወርዶ ስለተመለሰ፣ ጉልበቴ በገባበት ቀዳዳ ሰማዩን ሳየው አደርኩ። እሱም ያየኝ እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ ጠዋት ኢንጂነሩ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገባ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«እህቴ፣ ያ አረንጓዴው ላይ ገበያ ወጥቷል።»

«ምን ወጥቷል?»

ላፕቶፑን ዘረጋው። መሐሉ ላይ ሰማያዊ አራት ማዕዘን። ዙሪያውን ሰው በሰው። አግዳሚዎች በረድፍ። «ከትናንት ወዲያ አልነበረም። በአንድ ሌሊት ነው የበቀለው። ሕጋዊ ይሁን ሕገ ወጥ መለየት አለብን። ይቺን ሸራው ላይ ያለችውን ደግሞ የሚሸጥ ምንጣፍ ብለን ይዘናታል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ምንጣፏ። እኔ ነኝ።»

ምንጣፏን አየ። እኔን አየ። «ሰዎቹስ? ምን ሊገዙ ነው የመጡት?»

«ሊያለቅሱ ነው የመጡት። ኢንጂነር፣ ይሄ ያጠራጥራል ወይስ አያጠራጥርም?»

ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋው። «በጣም ያጠራጥራል» አለ በመጨረሻ።

ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ። ራሱ አረንጓዴ የቀባት ቦታ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። «የት ናችሁ?» ሲል እሰማዋለሁ፣ «ወደ ግራ!» እለዋለሁ፣ ሌላ የእንሰት ቅጠል ፊቱን በጥፊ ይለዋል። በመጨረሻ ቤታችንን በግንባሩ አገኘው፤ የበራችን መቃን ዝቅ ያለ ነው። ግንባሩን ይዞ ቀና ሲል ቾኩ፣ ከሰሉ፣ ቀለሙ ዓይኑ ፊት ነበሩ። አነበባቸው።

«ሳሮ፣ ልጄ። ግባ» ብላ በወላይትኛ ሰላም አለችው እማዬ። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረበችለት። አንድ ጊዜ እንደጎረሰ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የእናቴ ዳጣ ለማንም አያዝንም። በእንባው መሐል ይዞት የመጣውን ታብሌት ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየው። ታብሌቱ ገበያ መሐል ተቀምጠሃል ይለዋል። እሱ ደግሞ በርጩማ ላይ ነው፤ አናቱ ላይ እኔ የቀደድኩት ቀዳዳ፣ ትይዩው የአባቴ ፎቶ። ገበያውን አጠፋው። ጣቱ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ግራጫ አራት ማዕዘን ሣለ።

«መኖሪያ ቤት» ብሎ ጻፈባት። «ዛሬ ማታ ረቂቁ ሲዘጋ አብራ ትገባለች።»

ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አልኩ። እማዬ ግን ጠጋ ብላ አየች።

«ይቺ ቤቴ ናት?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«እንሰቴስ?»

ኢንጂነሩ ዓይኑን ጠረገ። «እንሰት ፕላኑ ላይ የራሱ ቀለም የለውም። ያለው አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ከቀባሁት ደግሞ...»

«መናፈሻ ይሆናል።»

«መናፈሻ ይሆናል።»

እናቴ አሰበች። ከዚያ ተነስታ ወጣች። የቃጫውን ማሰሪያ አንድ በአንድ ስትፈታ በበሩ በኩል አየናት፤ ቅጠሎቹ እየተዘረጉ ተመልሰው ጣሪያው ላይ ወደቁ፤ ቤቱ ውስጥ ጨለም አለ።

«እንግዲያው እንሰቱን አላየኸውም» አለችው ከውጭ ሆና።

«አላየሁም» አለ ኢንጂነሩ፣ ሌላ ጎደሬ እያነሳ። ግንባሩ ላይ ያበጠውም አለማየቱን ይመሰክርለታል።

የዕድሩ ኮሚቴ ጉዳያችንን ተመልክቷል። ሸራው የወጣው በእማዬ ስም ስለሆነ፣ ሕዝብም ተሰብስቦ ስላለቀሰ፣ የእሷ ለቅሶ እንደተደረሰ ተቆጥሮ ተዘግቷል። ጋሽ አልታዬም ቁልፋቸውን አስረክበዋል። እንግዲህ እናቴ ማዘጋጃ ቤት ዘንድ አለች፣ ዕድሩ ዘንድ ሞታለች፣ አክስቴ ዘንድ ገና አልታረቀችም፤ እሷ ደግሞ አሁን ስጽፍላችሁ እንሰቷ ሥር ፋንድያ ታለብሳለች።

ልትጠይቁን ከመጣችሁ ስልካችሁን አትመኑ። ከወፍጮ ቤቱ ወደ ላይ፣ ውሻዋ ጋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ የባሳ ቤት ብላችሁ ጠይቁ። ሸራ ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ።